ዘጠነኛው መስኮት

ሰኞ

«ይህን ዶርም የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ሐና ትባላለች፤ አርክቴክቸር ተማሪ ናት፣ እዚሁ ሰበታ የሴቶቹ ዶርም ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የሕንፃውን ታሪክ ለመመረቂያዋ ልትጽፍ ነው። እኔ አሁን በር ላይ ጥበቃ ነኝ፤ ድሮ ግን የዚሁ ሕንፃ ግንበኛ ነበርኩ። መጀመሪያ የእህል መጋዘን ነበር። ከዚያ ፎቅ ተጨመረለት። ከዚያ ዶርም ሆነ። መሐንዲሱ እኔን ሳያማክር ሚስማር አይመታም ነበር። (ትንሽ ጨምሬያለሁ።) ሁሉንም ጻፈች። ስሜ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው! ይኸው እኔም እጽፋለሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው። ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ ሚስቴ። እሷ ገልብጣ ነው የምታወራው።

ማክሰኞ

ልጅቷ ቆጣሪ ናት።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ፎቁ ከውጭ ሲታይ ዘጠኝ መስኮት አለው። ከውስጥ ስምንት ነው። አንዱ የት ሄደ?»

«ጅብ በላው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን የት እንደሄደ አውቃለሁ። ዘጠነኛው የኋላው ደረጃ መስኮት ነው። ሌባ ይገባበታል ተብሎ ደረጃውን ከላይም ከታችም በብሎኬት የደፈንኩት እኔ ነኝ። በግማሽ ቀን! ልስኑ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። የደረጃው በር ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ ነበር፤ ቀለሙ ስላማረኝ ለዶሮ ቤቴ መዝጊያ ወሰድኩት።

ረቡዕ

ጠዋት ዶሮዎቹን ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ስንት ዓመት የከፈትኩት መዝጊያ ነው፤ ላነበው አስቤ አላውቅም። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት።

የአደጋ ጊዜ መውጫ።

ዶሮዎቼ የአደጋ ጊዜ መውጫ አላቸው። ፎቅ ሙሉ ሴት ልጆች የላቸውም።

ለሚስቴ ነገርኳት። «ያ ስትኮራበት የኖርከው ግድግዳ?» አለችኝ። ቁርሴን ተውኩት።

ሐሙስ

ካውያ ነው አሉ። አንዷ ሰክታ ረስታው አንሶላ ተቃጠለ። እሳቱስ በባልዲ ውሃ ጠፋ። ጭሱ ግን ፎቁን ሞላው። ሁሉም ወደ አንዲቷ ደረጃ! ተጣበቁ። እኔ ከታች ሆኜ «ቀስ በሉ፣ ልጆቼ!» እላለሁ። ጭስ መንገድ የዘጋባቸው ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሮጠው ግድግዳዬን ሲደበድቡ ይሰማኛል። ልስኑ አልተሰነጠቀም። ሁሉም ተርፈዋል፤ ሐና እያነከሰች ወጣች።

ብናገር፦ ሥራዬም ስሜም ይሄዳል።
ዝም ብል፦ ያ ድብደባ ከጆሮዬ አይወጣም።
ሌላ ሦስተኛ ፈለግሁ። የለም።

ዓርብ

ቆርቆሮውን ነቅዬ በታክሲ ይዤ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «መውጫውን ይዘው የት ነው?» አሉኝ። «ቦታው ልመልሰው» አልኳቸው።

የዶርሙ ኃላፊ፣ የፕሮክተሯ የወይዘሮ ጽጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንብቡት።» ከዚያ የት እንደነበረ ነገርኳቸው።

«ማን ነው የደፈነው?»

«እኔ። ድፈን ያሉኝ ሌሎች ናቸው፤ እጁ ግን የእኔ ነው።»

ከዚያ ስልክ አነሱ። «ግድግዳው ሰኞ ይፈርሳል» አሉኝ። «መዶሻውን ለእኔ ይስጡኝ፣ ከእኔ በቀር በግማሽ ቀን የሚጥለው የለም» አልኩ። ስለ ሥራዬ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሐና ደብተሯን አመጣች። «ይሄኛውንም ግድግዳ በስምዎ ልጻፈው?»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት።

አሁን የዶሮ ቤቱ መዝጊያ የለውም። ጅቡ ደግሞ የእውነት ነው። ይህን ስጽፍ ዶሮዎቹ እግሬ ሥር ተኮልኩለዋል፤ ሚስቴ «እነሱ ይውጡ ወይስ እኔ?» ትላለች።