ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ

ስቶክሆልም፣ ሃግሴትራ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ እኔ ደኅና ነኝ።

እሑድ ዕለት እህቴ ያለምወርቅ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። እርስዎ ግን ስንነጋገር ስለ ጤናዬ ብቻ ነበር የጠየቁኝ።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ተከታታይ ቁጥሮችን እየገጣጠሙ፣ 12፣ 123፣ 1234 እያሉ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ሲፈልጉ ኖሩ። ቁጥሩ ረዝሞ በእጅ አልሠራ ሲልዎት፣ «ኪስታ ባለው መሥሪያ ቤትሽ ያለው ኮምፒውተር አይችለውም?» አሉኝ። «ይችላል፤ እያየሁት ነው» አልኩ። አላየሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በደወሉ ቁጥር ይህንኑ አልኩዎት።

ሰኔ ላይ ከሥራ ስመለስ ደወሉ። ባቡር ውስጥ ደክሞኝ ቆሜ ነበር። ስልኩን ቶሎ ልዝጋ ብዬ፣ «ተገኘ አባባ፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ሲገጣጠም ነው» አልኩ። «ተባረኪ ሰርክዬ» ሲሉኝ ድምፅዎ ተቆራረጠ። በማግስቱ እውነቱን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ማግስቱ አራት ወር ሆነ።

የተማሪን ሥራ ሁሉ ደግመው የሚያሰሉት ሰው የእኔን አላሰሉም።

በድሮ ትምህርት ቤትዎ በዓል ላይ የዚያን ቁጥር ሃምሳ ሦስቱንም አኃዝ ሰሌዳ ላይ ጻፉት አሉ። ባልደረባዎ ጋሽ ወንድይራድ ተነሥተው ለ29 ሲያካፍሉት ምንም ቀሪ አልወጣም። ሰው ሲስቅ፣ «ልጄስ ትክክለኛውን ነው የሰጠችኝ፤ ስገለብጥ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። ያለምወርቅ ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁባት።

አልተሳሳቱም አባባ። አንዲት አኃዝ አላዛነፉም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ተቀምጬ ፕሮግራሙን ጻፍኩት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፤ ይህን ስጽፍልዎት ራሱ ያሳፍረኛል። እስከ አንድ ሺህ እየገጣጠምኩ ሄድኩ፤ የሚፈልጉት ዓይነት አንድም የለም። ውጤቱን አያይዤዋለሁ። ለጋሽ ወንድይራድም የሆነውን ሁሉ ዛሬ ጽፌላቸዋለሁ፤ በዓሉ ላይ ለነበሩት መምህራን እንዲያነቡላቸው ለምኛቸዋለሁ።

ደብዳቤ ስጨርስ «ይመርቁኝ» ማለት ልማዴ ነበር። ዛሬ አፈርኩ። እርስዎን ግን እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ሲደውሉ አነሣለሁ። ባይደውሉም ይገባኛል።

ልጅዎ
ሰርክ