ነገ ወዴት ነው?

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለሲሞና፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ሕመም በብርዱ አልጠናብሽም? ላማዎቹስ ግጦሽ አላጡም? ለዓመት ስንቃችን ለቹኞ ያሰጣሽውን ድንች ዘንድሮ ውርጩ በደንብ መትቶ አደረቀልሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። ይህን የሚያነብልሽን ወንድሜን ሳቱርኒኖን ቀስ ብለህ አንብብ በዪው።

እዚህ ስፌት ላይ ተቀምጬ ሰማያዊ ጨርቅ ሲመጣልኝ ሐይቃችን ይመስለኝና እጄ ይቆማል። አሠሪዬ "ኤውሎሂያ፣ ደግሞ የት ሄድሽ?" ትለኛለች። ሰሞኑን ግን ሐሳብ ይዞኝ የሚሄደው ወደ ልጄ ወደ ሩፊና ነው።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤት የአእምሮ ፈተና ፈተኗት። ዶክተሯ "ነገ ወዴት ነው? በእጅሽ አሳዪኝ" ብትላት፣ የእኛ ጉድ ልክ እንዳንቺ አውራ ጣቷን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አደረገች። ትናንትን ስትጠየቅ ፊት ለፊቷን አሳየች። በዚህና በመሳሰለው ወደ ዘገምተኞች ትምህርት ቤት ትዛወር ተባለ። ተጠርቼ ስሄድ እኔንም ያንኑ ጠየቁኝ። በእኛ ዘንድ ያለፈውን አይተነዋል፣ በፊታችን ነው፤ የሚመጣው ግን ከኋላችን ነው፤ ማን አየው? ሳላስበው አውራ ጣቴ ወደ ኋላዬ ሄደ።

ዶክተሯ ጽፋ ጽፋ "ይኸው፣ በዘር የመጣ ነው። የደገኞቹ ደም እንዲህ ነው" አለች። ወጣቱ አስተማሪዋ ተቆጣ፤ "የለም፣ ከአስተዳደግ ነው፣ ከድህነቱ ነው" አላት። እኔን መሐል አስቀምጠው ተከራከሩ። ልጅቷ ምንም አልጎደላትም ያለ ግን አልተገኘም። በጣም አፈርኩ፤ ቆይቶ ደግሞ ተናደድኩ። በእርግጥ ዶክተሯ ስለ ዘሩ አልዋሸችም፤ ካንቺ ነው የወረስነው።

አስተማሪው ሁለተኛ ፈተና አስፈቀደላት። ባሌ ዳሚያን "የሚወዱትን ትመልስላቸው፤ ምን ቸገረን?" አለ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አስጠናኋት። "ነገ?" ስላት እጇ በራሱ ወደ ትከሻዋ ይወጣል፤ እኔ ይዤ ወደ ፊት እመልሰዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ተፈተነችና አለፈች። እዚያው ክፍሏ ቀረች። ዳሚያን ተሸክሟት ሲዞር ጎረቤት ሁሉ ሳቀ።

ለሳቱርኒኖ፣ ለሚስቱ ለቤኒታ፣ ለአጎቴ ለኢላሪዮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ዳሚያን እጅ ነሥቷል። ሩፊናን "ለአያትሽ ምን ልበልልሽ?" ብላት፣ ይህን ጠይቂልኝ አለች። መልሱን አንቺ ንገሪያት። "ነገ ወደ ፊት ከሆነ፣ አያቴ አሁን ከኋላዬ ናት ማለት ነው?"

ልጅሽ ኤውሎሂያ
ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 14 ቀን 1994