የተረጋጋው እትም ጠባቂ ስለነበሩት ስለ ጋሽ ቆይ ዕረፍት ከአዲስ ንድፍ ክፍል የወጣ መግለጫ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የተረጋጋው እትም ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ማኅበራችን ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሎች በነጻ የሚያድለውን፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነውን የሕሙማን መመዝገቢያና የመድኃኒት መጠን ማስሊያ ፕሮግራም ለአሥራ ሁለት ዓመታት የጠበቁት አንጋፋ ባልደረባችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አመራሩና አባላቱ በእጅጉ አዝነናል። መግለጫውን እንዲያዘጋጅ የታዘዘው የአዲስ ንድፍ ክፍል ነው። ይህም የሆነው ሌሎቹ ክፍሎች በቀብሩ ዝግጅት ስለተጠመዱ እንጂ እኛ ለዚህ እንመጥናለን ብሎ ያሰበ ሰው ስለነበረ አይደለም።

ለማያውቁን ለማስረዳት ያህል፣ ሥራችን በሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን ጤና ጣቢያዎች ዛሬ የሚሠሩበትን የተረጋጋ እትም ይጠብቃል፤ ስህተት ያርማል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ሌላው ወገን፣ ማለትም እኛ፣ ፕሮግራሙን ከመሠረቱ እንደገና እንነድፋለን። የእኛ ሥራ የሚለቀቀው የተረጋጋው እትም ጠባቂ ሲፈርሙ ብቻ ነው። እሳቸውም ያቀረብንላቸውን ሁሉ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» ስለሚሉ «ጋሽ ቆይ» ብለን ስም አወጣንላቸው። በፍቅር የወጣ ስም አልነበረም።

በማኅበሩ ሁለተኛ ዓመት ኃላፊነቱን ሲረከቡ፣ አንድ እግሯ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈችውን የመስኮት ዳር ጠረጴዛም አብረው ተረከቡ። የታረመው እትም በየሦስት ወሩ ሐሙስ ቀን እንዲወጣ ወሰኑ። ሐሙስ የሆነው፣ ችግር ቢመጣ አርብ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሚገኝ ነው። አንድም ሐሙስ አላስተጓጎሉም። እኛ በበኩላችን አራት ጊዜ የመልቀቂያ ቀን አውጀን አራት ጊዜ አራዝመናል።

በስምንተኛው ዓመት አዲሱ ንድፍ ተጀመረ። ጋሽ ቆይ በየሳምንቱ ያረሙትን ስህተት በእኛም ኮድ ውስጥ በእጃቸው ያርሙልን ነበር። የሥራ ድርሻቸው አልነበረም። አላመሰገንናቸውም፤ እንዲያውም «ሊሰልለን ነው» ያለ ከመካከላችን ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አዲሱን ንድፍ በአንድ ጤና ጣቢያ ሞከርን። ከአሮጌው ኮድ ውስጥ ጥቅሟ ያልገባንን አንዲት መስመር መልክ ታበላሻለች ብለን አውጥተን ጥለናት ነበር። ለካ መስመሯ የሕፃን ክብደት ሲጻፍ «ግራም ነው ወይስ ኪሎ?» ብላ የምትጠይቅ ኖሯል። በሙከራው ቀን አዲሱ ንድፍ የአራስ ልጅን ክብደት ግራሙን በኪሎ ቆጥሮ የመድኃኒት መጠን አሰላ። ጋሽ ቆይ ዕረፍት ወስደው፣ በራሳቸው ፈቃድ በአውቶቡስ ሄደው፣ ከጣቢያው ነርስ ጎን ተቀምጠው ነበርና መድኃኒቱ ሳይሰጥ አስቆሙት። በሪፖርታቸው ላይ የጻፉት ይህን ብቻ ነው፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። መስመሯ ለምን እንደተጻፈች ከጎኗ ማስታወሻ አልተውኩም።» በዚህ ይበልጥ በገንን። ቢቆጡን ይቀለን ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ከጤና ጣቢያዎች አርባ አንድ የምስጋና ደብዳቤዎች ደረሷቸው። ለእኛ ክፍል የመጣው አንድ ሲሆን፣ እሱም ጋሽ ቆይ ከዕረፍት መቼ እንደሚመለሱ የሚጠይቅ ነበር።

ይህ መግለጫ ቅናት ቅናት ይላል የሚል አንባቢ ካለ አልተሳሳተም። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል፤ እሳቸው ግን ቁጭ ብለውም ይመሰገኑ ነበር። እኛ ስንት ሌሊትና ቀን የደከምንበትን ሥራ ከራሳችን በቀር ያየው የለም። እሳቸው ያንኑ አሮጌ ነገር እየጠጋገኑ ተወደዱ። ቀንተናል፣ ለስድስት ዓመታት ያለ ዕረፍት ቀንተናል።

ለቅሶ በሄድንበት ዕለት፣ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩት ባለቤታቸው ከየትኛው ክፍል እንደሆንን ጠይቀው ሲረዱ አጠገባቸው አስቀመጡን። «እናንተ ናችሁ እንዴ? በእናንተ እኮ ይቀና ነበር። ‹ልጆቹ የሚሠሩት እንዴት ያምራል መሰለሽ፤ እኔ እድሜዬን ሙሉ ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ› ይለኝ ነበር» አሉን።

ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ ለወንድሞቻቸውና የእጃቸውን ሥራ በየቀኑ ለሚጠቀሙ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሁሉ ኀዘኑ እንዲቀልላቸው ከልብ እንመኛለን።

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የፊርማው ሥልጣን ለጊዜው ወደ አዲስ ንድፍ ክፍል ተዛውሯል። ትናንት ጠዋት አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ደውላ «አዲሱን እንጫን ወይስ በነበረው እንቀጥል? እናንተ ያላችሁትን ነው የምናደርገው» አለችን። ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንመኘው ኖረናል። «አንድ ሰው ጠይቀን እንደውልልሽ» አልናት። የምንጠይቀው ሰው እሳቸው እንደነበሩ የገባን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።