ለድንቅነሽ ያልተረጎምኩላት

ጥር ፲፩ ቀን ፲፰፻፹ ዓ.ም.፣ እንጦጦ

እፍረቴን ለሰው አልናገረውም። ታቦቱን ከቀበና ወንዝ አጅበን ስንመለስ፣ የማስተረጉምለት ከባሕር ማዶ ደሴት የመጣ ጥቁር እንግዳ ከበሮውን ሰምቶ አለቀሰ። ቤቴ ገብተን ድንቅነሽ እግሩን ስታጥበው ምክንያቱን በፈረንሳይኛ ነገረኝ።

«እናቴ ባሪያ ነበረች። ነፃ ከወጣን ወዲህ በየዓመቱ ከጾም በፊት ጭንብል አጥልቀን፣ የጌቶቻችንን አረማመድ እያስመሰልን በከበሮ በየመንገዱ እንጨፍራለን። ለእሷም ንገራት።»

ድንቅነሽን የገዛኋት እኔ ነኝ።

«ጌታዬ፣ ምን አሉ?» አለችኝ።

«የአገራቸውን ሰርግ እያወሩ ነው።»

«ሙሽሮቹን ይባርክልን» ብላ ሳቀች። እንግዳው የነገርኳት መስሎት እርጥብ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠው። ደነገጠች።

«ታዲያ ለሰርጉ እኔን ምን ብለው ጨበጡኝ?»

«ውሃው ቀዝቅዟል፤ ሌላ አምጪ» አልኳት።