ከአሚድ ቅጥር ውጭ ያለችው ስፍራ

እኔ የአሚድ ከተማ ድንጋይ ጠራቢ ማራስ፣ በግሪኮች አቆጣጠር በ፰፻፸፪ ዓመት፣ በኒሳን ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ደረቴ ቢታመምም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ፤ ዲያቆን ኖናስ ይጽፋል።

ቤቴና ከጤግሮስ ወንዝ ማዶ ያለው የወይን ቦታዬ ለአንዲቷ ልጄ ለሾሻን ይሁን። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ስድስት ዓመት ሙሉ አላነጋገረችኝም፤ በዚህ ማንም እንዳይወቅሳት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መሮዎቼና መዶሻዎቼ ለእህቴ ልጅ ለቶማ ይሰጡ። እጁ ሰነፍ ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ቢይዝ ምናልባት ያፍር ይሆናል።

ጥፋቴም ይህ ነው። ንጉሡ፣ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው የምንለውን የእኛን ካህናት ከከተማ ወደ ተራራ ባሳደደበት ዓመት፣ የሾሻን በኵር ሳይጠመቅ፣ ስምም ሳይወጣለት በትኩሳት ወደቀ። ጎረቤታችን ቄስ ሲሲን ከንጉሡ ወገን ነው፤ ሁለት ባሕርይ ይላል። ሾሻን ሄዳ ለምና አመጣችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ክርስቶስን ለሁለት የሚከፍል እጅ የልጅ ልጄን አይነካም አልሁ። ቄሱ ሳይቆጣ፣ «አባቴ፣ ከእኔ ጋር በኋላ ይጣሉ፤ አሁን የጥምቀቱ ውኃ እየቀዘቀዘ ነው» አለኝ። አላሳለፍሁትም። በበቅሎ ወደ ተራራው ወጥቼ በሦስተኛው ቀን የእኛን ካህን ይዤ ስመለስ፣ ሕፃኑ እኔ እንደ ወጣሁ ወዲያው ሞቶ፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ያልተጠመቁ በሚጣሉበት ስፍራ ተቀብሮ ነበር። ሾሻን፣ «አንድ ነው ሁለት ነው ስትል ልጄን አስበላኸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም።

እምነቴን አልለወጥሁም። የተሰቀለው አምላክ ካልሆነ ማን ያድነኛል? ነገር ግን እርሱ ለዚያ ሕፃን ሞቶ ሳለ በሩን የዘጋሁ እኔ ነኝ፤ ይህ ያስፈራኛል። የሕፃኑ ነፍስ አሁን የት እንዳለች የሁለቱንም ወገን ካህናት ጠይቄ ነበር። ሁሉም፣ ጸልይ ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ ሬሳዬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በእጄ ጠርቤ ባዘጋጀሁት መቃብር አይግባ። ያለ ካህን፣ በሕፃኑ አጠገብ ቅበሩኝ። እርሱን የማይቀበል መንግሥት ካለ እኔም ከደጅ ልቅር።

እኔ ጸሐፊው ኖናስ ይህን ስጽፍ ሾሻን በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበርና፣ «እዚያ ቦታ የለም። አጠገቡ የእኔ ነው» አለች። ተናዛዡም፣ «እንግዲያው ከእግሩ ሥር ብለህ ጻፍ» አለኝ፤ እንዲሁ ጻፍሁ።

ምስክሮች፦ ቄስ ሲሲን፣ በፊርማው። ቶማ፣ በመስቀል ምልክት። ጸሐፊው ዲያቆን ኖናስ።

ወራሺቱ ትስማማ እንደሆነ ጠየቅኋት። ወደ አልጋው ቀርባ፣ «ከእግሩ ሥር ከሆነ ይሁን» አለችው። ጣቷንም በቀለም ነክራ አተመች።