የአባትሽ ቀጥ ያለ ስፌት

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

አባትሽ ለፓርኪንሰኑ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለውን መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ወር ሆነው። ሐኪሙ «የአንጎሉ ብግነት ከቀነሰ የእጁም መንቀጥቀጥ ሊቀንስ ይችላል፤ መሥራቱን የምናውቀው ከእናንተ ነው» ብሎናል።

አባትሽ ልብስ መስፋቱን አልተወም። ከሰዓት ጋደም ሲል፣ ደንበኛ እንዳይቀየመው ብዬ የተጣመመውን ስፌት እየተረተርኩ ደግሜ እሰፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሸሚዝ አነሳና «አንቺ ሴትዮ፣ እጄ ተመለሰ እኮ! እንደገና ልሞሸር ነው!» ብሎ ሳቀ። ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ምን ልበለው? «እሰይ!» አልኩት።

ሸሚዙን ወስዶ ለሐኪሙ አሳየው። ሐኪሙም ደስ ብሎት መዝገቡ ላይ ጻፈ። ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው፣ እናቴ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ።

ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። አባትሽ የሐኪሙ ካፖርት ቁልፉ ረግፎ አይቶ፣ እዚያው ፊቱ ሊተክልለት ቃል ገብቷል። መርፌና ክሩን ከአሁኑ ኪሱ ከቷል።

ልጄ፣ ያን ቀን ከሰዓት ደውይለት። ስለ ልጆችሽ አጫውቺው፤ ስለ እጁ ግን አትጠይቂው።

አባትሽ ክፉ አይይብኝ ያልኩሽ፣ ናፋቂሽ እናትሽ።