እጅጌ የሌለው ካፖርት

ጥር 20 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቅ ሳልከፍት

ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅሽም። የምትመልሺውን አውቀዋለሁ፤ አራቱም ደብዳቤዎችሽ «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ስለ ጤናሽ እውነቱን የነገረኝ ሜትር ነው።

ለብርዱ ካፖርት እንድሰፋልሽ ልክሽን ላኪ ብዬሽ ነበር፤ ላክሽ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከልክ ደብተሬ ጋር አስተያየሁት። ጥቅምት ላይ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ የለካሁሽ እኔው ነኝ፤ ደረት ሰማንያ ስምንት፣ ወገብ ሰባ፣ ዳሌ ዘጠና አራት። የላክሽው ደግሞ ደረት ሰባ ዘጠኝ፣ ወገብ ስልሳ፣ ዳሌ ሰማንያ ሦስት ይላል። መጀመሪያ ሳቅሁ። «ድልድይ ልትሠራ የሄደች ልጅ ወገቧን መለካት አቃታት» ብዬ ለጎረቤታችን ለጫማ ሠሪው ሳይቀር ነገርሁት። ኋላ ርዝመቶቹን አየሁ። ትከሻ ሠላሳ ስምንት፣ ያው ነው። እጅጌ ሃምሳ ሰባት፣ ያው ነው። የጀርባ ርዝመትም ያው። መለካት የማያውቅ ሰው ሁሉንም ያበላሻል እንጂ ዙሪያውን ብቻ መርጦ አያበላሽም። አጥንትሽ ባለበት አለ፤ የጎደለው ሥጋሽ ነው።

አርባ አንድ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። በጥቂት ወር ውስጥ እንዲህ የወረደ ሰው ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። ሁለቱም ልብሳቸውን ሊወስዱ አልመጡም።

እናትሽን ጠራኋት።

«ይህን ልክ ማን ለካት?»

«ራሷ ናታ። ማን ይለካታል? ሰው አላት እዚያ?»

«እንዴት ሰው የላትም? የክፍል ጓደኞቼ እያለች ትጽፍ የለም እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ደብዳቤ ስታነብ ፊደሉን ብቻ ነው የምታየው?»

«ታውቂ ኖሯላ!»

«አውቃለሁ። እሑድ እሑድ ስትደውል ታለቅሳለች። በቀን አንዴ ነው የምትበላው፣ እሱም ከወረደላት። ከትምህርት ስትመለስ በሯን ቆልፋ መጋረጃውን ጋርዳ ትተኛለች። ለአባትሽ ልንገረው ወይ ስላት፣ ‹እሱ በቃል ቢነግሩት መቼ ይሰማል› አለችኝ። ይኸው በምትሰማው ነገረችህ፣ በቁጥር።»

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን እናትሽ የምትናገረኝ በድስት ክዳን ነበር።

ደብዳቤዎችሽን እንደገና አወጣኋቸው። ማንበብ የተማርሁት ንድፍ ከምናወጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያነበብሁት ወሬ ሁሉ አንገቱ ወይም ብብቱ ላይ የተቆረጠ ነበር፤ የጎደለውን ከራሴ እየሞላሁ ነው እዚህ የደረስሁት። የማላውቀውን ሰው ወሬ ስሞላ የኖርሁ ሰው የልጄን እንዴት እንዳለፍሁት እንጃ።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስለ ፕሮፌሰሩ ጻፍሽልኝ። ስለ ምሰሶ መሠረት ብትጠይቂው ያን ሁሉ ተማሪ ፊት «አላውቅም፤ እስቲ አብረን እንፈልገው» አለሽ። በሳምንቱ መልሱን ይዞ መጥቶ «የጠየቀችው ያቺ ናት» ብሎ በጣቱ አሳየሽ። ያቺን ገጽ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኋት። በዕድሜዬ የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም ጻፍሽ፤ ማንም ማን ነሽ ሳይልሽ የፈለግሽውን ከመደርደሪያ ታወርጃለሽ፣ መብራት እስኪጠፋ ትቀመጫለሽ። ያ ደስታሽ እውነት እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ለዚያ ብለሽ መሄድሽ ልክ ነበር።

በሁለተኛው፣ መምህሩ «አራት አራት ሁናችሁ ተቧደኑ» ሲሉ አንቺ መስኮቱ ጋ እንደቆምሽ ሁሉም ተቧድኖ አለቀ። «እንደ ካፖርት ትርፍ ቁልፍ ቀረሁ» ብለሽ ቀለድሽበት። ተማሪዎቹ ሲስቁ አብረሽ እንደምትስቂ፣ የሳቁበት ነገር የሚገባሽ ግን ደረጃውን ስትወርጂ እንደሆነም ጻፍሽ። እኔ ምን መለስሁ? «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልተጠጋሽም?» አንድ መስመር።

በሦስተኛው «ሴሚስተሩን ባቋርጠውስ?» ብለሽ ጠየቅሽ። «በዚህ ቤት የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይመለሱም፤ ወንድምሽን አትርሺ» ብዬ ጻፍሁልሽ።

አራተኛው ደብዳቤሽ ንጹሕ ነበር። አየሩ ጥሩ፣ ምግቡ ጥሩ፣ ሰዉ ጥሩ። ለጫማ ሠሪው «ይኸው ለመደች» አልሁት። እሱ ሶል እየመታ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ጫማ ሲጮህ ቆይቶ ዝም የሚለው ወይ ሲለመድ ነው ወይ ሲቀደድ» አለኝ። «አንተ ሚስማርህን ምታ» አልሁት።

አሁን ስለ ወንድምሽ። አንቺ የምታውቂው ተጣልተን ሄደ የሚለውን ነው። አልተጣላንም። ኮሌጁን በዓመቱ ትቶ ሻንጣውን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። እኔ ደንበኛ እየለካሁ ነበር። አየት አድርጌው «ሱቁ ለደንበኛ ነው። ልክ ልትሰጥ ከሆነ ተራህን ጠብቅ» አልሁት። ደንበኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጁ ግን ተራውን ጠበቀ። ያ ሰው እስኪወጣ፣ ከእሱ በኋላ የመጡ ሁለት ሰዎች እስኪለኩ ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሦስተኛው ሲገባ ሻንጣውን አነሣ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር። አልጠራሁትም። ስምንት ዓመት ሆነው።

ደንበኛ ሲሞት ገጹን በአንድ መስመር እሰርዘዋለሁ። የእሱን አልሰረዝሁም። ግን የተጻፈው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልክ ነው፤ ዛሬ ቢሰፋበት ለእሱም አይሆንም። አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ እያልሁ የኖርሁ ሰው እሱን ሳልለካ ቆረጥሁት። ይህን ለእናትሽ ነግሬያት አላውቅም። ለአንቺም የጻፍሁልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ሁለት እሑድ አልደወልሽም። እናትሽ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። ትናንት፣ ከዚያ ዕቃ ጋር አልነጋገርም እያልሁ የኖርሁት ሰውዬ ራሴ ደወልሁልሽ። ሴትዮ አነሣች። የተቀዳ ድምፅ ነው አሉኝ ኋላ። ብዙ ተናገረች፤ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። አንዲት ቃል አልገባኝም። ስትጨርስ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ።

«ምን አለች?» አለች እናትሽ።

«ደህና ናት አለች።»

አንቺ ወራት የኖርሽበትን የሰው አገር ቋንቋ እኔ ሁለት ደቂቃ ቆምሁበት።

ካፖርቱን ቆርጬዋለሁ። ጨርቁ ግራጫ ሱፍ ነው፣ ከባድ። የቆረጥሁት በላክሽው ልክ አይደለም፤ እሱን ደብተሬ ላይም አላሰፈርሁትም። የቆረጥሁት በጥቅምቱ ነው። እናትሽ «ይሰፋባታል» አለች። «ትሞላዋለች» አልኋት። «ባትሞላውስ?» አለችኝ። መቀሱን አነሣሁ።

ደረቱና ጀርባው ተያይዟል፣ ገበሩም ገብቷል። እጅጌዎቹ ግን ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ባለቤቱ ለብሶት ፊቴ ሳይቆም እጅጌ ገጥሜ አላውቅም፤ ለአንቺ ብዬም አልጀምረውም። ስለዚህ በፖስታ የሚመጣ ካፖርት አትጠብቂ። መጥተሽ ልበሺው። እስከዚያው የእኔን አሮጌውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሰፊ ነው፤ ከውስጥ ደራርቢበት። እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው የምውለው፣ አይበርደኝም።

ፈተናው ሦስት ሳምንት እንደቀረው አውቃለሁ። ተፈተኚ አልልሽም፣ ተይውም አልልሽም፤ ምሰሶው ምን ያህል እንደሚሸከም የምታውቂው አንቺ ነሽ። የመመለሻ ትኬትሽ ቀኑ ይቀየር እንደሆነ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ይቀየራል። ሳትጨርሺ መጣሽ የሚልሽ ሰው በዚህ ቤት የለም። የነበረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ይህን እየጻፈ ነው።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ ብይ፣ ቀጥሎ ለእናትሽ ደውዪ። ያን ፕሮፌሰርም ሂጂና እንደታመምሽ ንገሪው። «አላውቅም» ማለት የቻለ ሰው «አልቻልሁም» ሲሉት ይገባዋል።

ስለ ዓይኔ እናትሽ የነገረችሽን አትስሚ፤ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ጫማ ሠሪው አሥር መርፌ ላይ ክር ያስገባልኛል። እንደ አንቺ አይደለም፤ ክሩን ያረዝመዋል፣ ይቋጠርብኛል።

የጎደለሽን አምላክ ይሙላልሽ። በልተሽ የምታድሪበት፣ ተኝተሽ የምትነሺበት ቀን ይስጥሽ። መንገድሽን ያሳጥረው።

አባትሽ፣
ልብስ ሰፊው

ደግሞ፦ ስትመጪ በጓሮ አትግቢ፤ በሱቁ በር ግቢ። ደንበኛ ቢኖርም ተራ አትጠብቂ።